የአባቴን ሃይሉክስ ግቢያችን ውስጥ አብረውኝ ላስነሱት መካኒክ ምስጋና (ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ አንብቡት)

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ በተለይ አሮጌ ናፍታ ቶዮታ ግቢያችሁ ውስጥ ቆማ ዶሮ ሚያድርባት ካላችሁ ይቺን ፅሁፍ እስከመጨረሻው አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች ግን ሰውዬው ይገባቸዋል። ሰው ሲያናድደን እዚህ መጥተን እንፅፋለን፣ በደንብ ሲሰራልን ግን ሂሳብ ከፍለን ዝም ነው፣ እኔም ያው ነኝ፣ የዛሬውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መኪናዋ የአባቴ ነች። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ፣ በፈረንጆቹ 90ዎቹ መጀመሪያ የተሰራች፣ ሞተሯ ስሪ ኤል፣ 2.8 ሊትር ናፍታ፣ ቱርቦ የላት ኮምፒውተር የላት። ወንድሜ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ሲመጣ ጣርማ በር ሳይደርስ ፈላችበት። መንገዱን ምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው፣ ያንን ሁሉ ዳገት ተጭነህ በሁለተኛ በሶስተኛ ማርሽ ስትወጣው ራዲያተርህ ትንሽ ድካም ካለበት እዛ ነው ጉድህ ሚወጣው። ተጎትታ መጣች። የወሰድናት ጋራዥ (ስሙ ይቅር) አንድ ብሎን ሳይፈታ ሞተሩ አልቋል፣ ሙሉ ሞተር ፈልጉ አለን። የጠሩት ዋጋ አባቴን አስቆጣው፣ "ትቁም በቃ" አለ፣ ቆመች። ክረምት አለፈባት፣ ሸራ አለበስናት፣ ጎማዋ ተነፈሰ።

ይሄን ስታነቡ ለምን አልሸጣችኋትም ምትሉ ትኖራላችሁ። ሸጠን ምን እንገዛለን ነው መልሱ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ታክሱን ሰቀለው፣ በ2016 ደግሞ ነዳጅ ሚጠቀም አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ፣ ከዛ ወዲህ ያለችህን ይዘህ መኖር ነው፣ ያለችህን ይዘህ ለመኖር ደግሞ ሚያውቃት ሰው ያስፈልግሃል። ሚያውቃት ሰው ነው የጠፋው እንጂ መለዋወጫዋማ ሶማሌ ተራ ሞልቷል።

ጎረቤታችን ናት ስለ ጋሼ የነገረችን። ስማቸውን እዚህ አልፅፍም፣ ራሳቸው አትፃፍ ስላሉኝ፣ ሰፈር ውስጥ ሁሉም ጋሼ ነው ሚላቸው እኔም ጋሼ እላለሁ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ነው እጃቸውን ያፍታቱት፣ አሁን የራሳቸው ጋራዥ የላቸውም፣ መሳሪያቸውን በጆንያ ይዘው ሰው ግቢ እየሄዱ ነው ሚሰሩት። መጡ፣ መጀመሪያ የዘይት መለኪያዋን መዘው አዩ፣ ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ከዛ ራዲያተሩን ከፍተው ውሃ ሞሉና አስነሳ አሉኝ፣ በተበደርናት ባትሪ ትንሽ ተንደፋድፋ ተነሳች፣ ውሃው ወዲያው አረፋ መድፋት ጀመረ። "አጥፋ አጥፋ" አሉ። ምርመራው ይሄው ነበር። ጋርኒሲዮኑ (በሞተሩ ብሎክና በላዩ በሚከደነው ራስ መሃል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ጭሱ ወደ ውሃው ውሃው ወደ ዘይቱ እየገባ ነው፣ ቴስታታውም (ራሱ ማለት ነው) ምናልባት ተጣሟል፣ ሞተሩ ግን ታማኝ ነው አሉ። "ማነው አልቋል ያለህ?" ብለው ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ሳቁ፣ ሌላ አልጨመሩም።

ከዛ ነው ዋናው ነገር የመጣው። ሂሳቡን ተነጋገርን፣ በቀን ሂሳብ ነው ሚሰሩት፣ ቁርጥ አይወስዱም፣ እና አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፦ "እኔ ብቻዬን አልፈታትም፣ አንተም እጅህን ታስገባለህ፣ ነገ ስትበላሽ እኔን አታገኘኝም።" እኔ ባንክ ቤት ነው ምሰራው፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ከመያዝ ውጪ ምንም አላውቅም ነበር። እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓትና በበዓላት ቀን ነው የሰራናት። መጀመሪያ ያስተማሩኝ መፍታት ሳይሆን ማስቀመጥ ነው። ከሞተሩ ላይ የወጣው ብሎን ሁሉ ካርቶን ላይ ሞተሩ ተስሎ በቦታው ይሰካል፣ ዳዶው ከነ ሮንዴላው፣ የጎማ ቱቦዎቹ በክር ታስረው ምልክት ይደረግባቸዋል፣ ስልክህ ካሜራ አለው አይደል አንሳው ይሉኛል። ሁለተኛው ህጋቸው ክሪክ ብቻ ላይ በቆመ መኪና ስር ማንም አይገባም፣ ወፍራም ግንድ ከስር ካልገባ እግራቸውን እንኳን አያስገቡም፣ ወንድሜ አንዴ "ለአንዲት ደቂቃ ነው" ብሎ ሊገባ ሲል በኮሌታው ነው የጎተቱት።

ቴስታታው ሲነሳ ያለውን ስሜት እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሳፈርባት የኖርኩት መኪና ውስጧ ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅማ። አራቱ ፒስቶኖች ቁጭ ብለዋል፣ ጋርኒሲዮኑ በሁለተኛውና በሶስተኛው መሃል የተበላበት ቦታ በጣት ይነካል። ጋሼ ጣቴን ይዘው እዛው ላይ አሳረፉት፣ "በሽታዋ ይቺ ነች፣ ሞተር ቀይር ያሉህ በዚች ነው" አሉ። በእውነት ያን ቀን ተናደድኩም ደስም አለኝ።

ቴስታታውን አዲስ አበባ ወስደን አስመረመርነው፣ ስንጥቅ የለውም፣ ግን ተጣሟል፣ ተላጨ (ፊቱ በማሽን ተስተካከለ)። አብዝተው እንዳይልጩት ጋሼ ማሽኑ አጠገብ ቆመው ነው የጠበቁት፣ ምክንያቱም ከመጠን በላይ ከተላጨ ቫልቩ ወደ ፒስቶኑ ይጠጋል፣ ናፍታ ሞተር ላይ ደግሞ ያቺ ክፍተት መጀመሪያውንም ጠባብ ነች። ከዛ ሶማሌ ተራ ገባን። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ የዚህ ሞተር ጋርኒሲዮን ውፍረቱ በሶስት ደረጃ ነው ሚመጣው፣ ፒስቶኑ ከብሎኩ በላይ ምን ያህል እንደሚወጣ ተለክቶ ነው ሚመረጠው፣ ብዙ ሰው ግን ሱቅ ሄዶ "የስሪ ኤል ጋርኒሲዮን ስጠኝ" ነው ሚለው ባለሱቁም ያለውን ይሰጠዋል። ጋሼ ከመሄዳችን በፊት ለክተው ወረቀት ላይ ፅፈው ነበር፣ ያ ደረጃ እስኪገኝ ስንት ሱቅ አዞሩኝ፣ ባለሱቆቹ "አባት ያው ነው እኮ" ሲሏቸው ዝም ብለው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳሉ። ያገለገለ እቃ ምንም ችግር የለብኝም ይላሉ፣ ሞተሪኖም በሉት ዲናሞ የተፈታ ይገዛሉ፣ ጋርኒሲዮንና የታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር ሚያስማማው ቀበቶ) ግን አዲስ ካልሆነ አይነኩም። ቺንጋዋን ያው ከተከፈተ አይቀር ቀየርናት፣ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ማመን አይቻልም፣ ከተበጠሰች ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ ያኔ እውነትም ሞተር ቀይር ይባላል።

ማሰሩ ላይ ነው እኔ የተዝናናሁት። የቴስታታው ብሎን ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር በዙር ነው ሚታሰረው፣ መጀመሪያ በቶርክ ሬንች (ጥብቀቱን ሚለካ ቁልፍ)፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ ነጭ ቀለም ነጥብ ተደርጎ ሩብ ዙር፣ እንደገና ሩብ ዙር። ቶርክ ሬንቹን ለኔ ሰጡኝና እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እማዬ ያፈላችውን ቡና እየጠጡ በዓይናቸው ነው የተከታተሉት። በመጨረሻ ነጥቦቹ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞሩ አይቶ ማመን፣ የባንክ ሂሳብ ዘግቶ ባላንስ ከማድረግ በላይ ነው፣ ሁለቱንም ስለማውቅ ነው ምላችሁ። ሰኞ ግን ጥፍሬ ስር ያለው ግራሶ በናፍታም በኦሞም እምቢ ብሎ ደምበኞች ብር ስቆጥር እጄን እያዩ ነበር።

ለምን እንደፈላች ደግሞ ሳያገኙት አልለቀቁም። ይሄን ነው ብዙ መካኒክ ማያደርገው፣ የተቃጠለውን ቀይሮ ይሰጥሃል፣ ለምን ተቃጠለ ብሎ አይጠይቅም፣ ከስድስት ወር በኋላ ትመለሳለህ። ራዲያተሩ በዝገትና በአሸቦ ግማሹ ተዘግቷል፣ ዓመት ሙሉ የቧንቧ ውሃ ስንሞላ ኖረን፣ እሱ አንድ ነው። ዋናው ጥፋተኛ ግን የራዲያተሩ ክዳን ሆኖ ተገኘ። ስፕሪንጉ ሞቷል። እኛ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ እዚህ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ከዛም ዝቅ ይላል፣ መኪናዋን ሚያድናት ክዳኑ ይዞ ሚያቆየው ግፊት ነው፣ ደህና ክዳን ካለ ውሃው ከ110 በላይ ሳይደርስ አይፈላም። ክዳኑ ካልያዘ ዳገት ላይ እንደ ድስት እሳት ላይ ጣዳችኋት ማለት ነው። ክዳኗ ከነበረው ወጪ ሁሉ ርካሿ እቃ ነበረች። ቴርሞስታቱንም የሆነ ጊዜ የሆነ ሰው ነቅሎ ጥሎታል፣ አዲስ አስገቡ፣ "ይሄ ብርድ ሀገር ሞተር ሳይሞቅ እየሰራ ናፍታ ይበላል" ብለው። ውሃም ቀርቶ ኩላንት ሆነ።

የማስነሳቱ ቀን ጠዋት ውርጭ ነበር። ከአራቱ ማሞቂያ ካንዴላዎች ሁለቱ ሞተው ስለነበር ቀይረናል (ለዛ ነው ለካ በታህሳስ ስንገፋት የኖርነው)፣ የናፍታ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እየተጫንኩ አየሩን አስወጣሁ፣ እጄ እስኪዝል፣ ፓምፗ ስትጠነክር ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁ። ቁልፉን ለአባቴ ነው የሰጡት። የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠበቀ፣ አስነሳ፣ አንዴ ጭሳ ቀጥ፣ ሁለተኛው ላይ ተንኳኩታ ተንኳኩታ ያዘች። እማዬ እልል አለች። ጋሼ እልልታውን አልሰሙም፣ ራዲያተሩ አፍ ላይ ጎንበስ ብለው አረፋ እየፈለጉ ነበር። የለም።

አሁን ስለ እሳቸው እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምስጋና ነው ብዬ ሁሉን አላስውብም። ቀስ ብለው ነው ሚሰሩት፣ ለነገ ምትፈልጓት መኪና ካለች ሌላ ሰው ፈልጉ። ስልክ አንዳንዴ አያነሱም። ርካሽም አይደሉም፣ ግን የገዙትን ደረሰኝ የቀየሩትን አሮጌ እቃ ቆጥረው ነው ሚያስረክቡት፣ የተረፈ ዳዶ ሳይቀር። ኤሌክትሪክ አይነኩም፣ የናፍታ ፖምፓ አይከፍቱም፣ "ያ የኔ ሙያ አይደለም" ብለው ወደ ሌላ ሰው ይልኩሃል፣ እኔ ለዚህ ብቻ እንኳን አምናቸዋለሁ። እሁድ አይሰሩም፣ ጥር 7 እና ሐምሌ 7 ሥላሴም አይሰሩም፣ አትለምኗቸው። አዲስ ሞዴል ኮምፒውተር ያላት መኪናም አይወስዱም፣ አሮጌ ቶዮታና አይሱዙ ናፍታ ነው ዓለማቸው።

ጋሼ ይሄን ባያነቡም ልጃቸው እንደሚያነብላቸው አውቃለሁ፣ እና እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ አባቴም ከሮቢት ሽንኩርት ልልክላቸው ነው ብሏል።

ስልካቸውን ምትፈልጉ በውስጥ መስመር ፃፉልኝ፣ ኮመንት ላይ አልለጥፍም። ስትደውሉላቸው የሞተሩን ዓይነት ንገሯቸው፣ ሊብሬው ላይ አለ። እና ሊመጡ ቀን ሲቆርጡላችሁ ጠዋት ሞተሩን ቀድማችሁ እንዳታስነሱ፣ ቀዝቃዛውን ነው ማየት ሚፈልጉት፣ አሙቃችሁ ከጠበቃችኋቸው ቡናችሁን ጠጥተው ነው ሚመለሱት።