ለጮቄ ውርጭ የተከራየሁት የአየር መለኪያ

ጮቄ ተራራ ላይ የውኃ ማጠራቀሚያ እየሠራን ነው። ኮንክሪት ውስጥ ስንት በመቶ አየር እንዳለ የሚለካውን መሣሪያ ከደብረ ማርቆስ ተከራየሁ። ክዳኑ ላይ ፓምፕና ጌጅ ያለው ዓይነት ነው። በጣም ወድጄዋለሁ።

ገና ያልጠነከረውን ኮንክሪት በመሣሪያው ዕቃ ውስጥ በሦስት ዙር ትሞላላችሁ፤ እያንዳንዱን ዙር 25 ጊዜ በብረት ዘንግ ትወጉታላችሁ፤ ጎኑን በጎማ መዶሻ መታ መታ ታደርጋላችሁ። ክዳኑን አጥብቃችሁ ውኃ ትሞሉና አየር ትነፋላችሁ። ቫልቩን ስትጫኑ የአየሩ ፐርሰንት ጌጁ ላይ ይነበባል። ከፍታ ሲቀየር ልኬቱ አይዛባም፤ ከማርቆስ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ውኃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ያብጣል። ማምለጫ የሚሆኑት ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ከሌሉ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ለዚህ ነው አንድም ሙሌት ሳይለካ እንዲፈስ የማልፈቅደው።

መሣሪያው ጠቅላላ አየሩን እንጂ የአረፋውን ስፋት አይነግራችሁም። በአረፋዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ0.2 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ እሱ የሚታወቀው ግን ከደረቀ በኋላ፣ በማይክሮስኮፕ ነው። የኮንክሪቱ ጠጠር ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር ከሆነማ መሣሪያውን ጭራሽ አትመኑት። አከራዮቹ ደግሞ የክዳኑን ጎማ ይቀይሩ፤ አየር ያስወጣል።