ሸጋውን ከግቢ ያስቀረልኝ ብየዳ ቤት

ውሻ አላስቀምጥ ያላችሁ ሰዎች ይሄን አንብቡልኝ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ተንገላትቻለሁ፣ ብሬንም በትኛለሁ፣ አልቅሻለሁም። ውሻዬ ሸጋው ግን ከግንቦት ወዲህ አንድም ቀን ከግቢ አምልጦ አልወጣም፤ ይኸው ጥቅምት ገባ። አጥሩን ያስተካከሉልኝ እዚህ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ትንሽ ብየዳ ቤት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጥሩውንም ጉድለቱንም እነግራችኋለሁ።

ሸጋው የአገራችን ውሻ ነው። ቡናማ፣ እግረ ረጅም፣ 3 ዓመቱ። ከሰው ጋር ጸብ የለውም። ግን አጥር አይበግረውም። ወጥቶ የጎረቤታችንን ሁለት ዶሮ በልቶ ከፍለናል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ዶሮው አይደለም። ጎንደር ሲመሽ ጅብ እንደሚገባ የማያውቅ የለም። ያበደ ውሻም አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ለሰውም ለውሻም መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ሸጋውን በየዓመቱ አስከትበዋለሁ፤ ሆኖም ውጭ ያደረ ውሻ ከማን ጋር ተናክሶ እንደመጣ በምን ይታወቃል? ሰፈራችን ደግሞ ልጅ በልጅ ነው። ለእናቶቹ ሁሉ ተናግሬያለሁ፦ ልጅ በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ።

መጀመሪያ ያሠራሁት ሌላ ሰው ጋ ነው፤ ስሙ ይቅር። ገና ከበር እንደገባ «ስንት ሜትር ነው?» አለኝ። ለካ፣ ዋጋ ነገረኝ፣ ቆርቆሮውን ከፍ አድርጎ ጫፉ ላይ እሾሃማ ሽቦ ዘረጋበት፣ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሸጋው ሆዱ ተቧጥጦ ደሙ እየተንጠባጠበ ከውጭ መጣ። ሽቦው ቀደደው እንጂ አላቆመውም። ከዚያ በኋላማ፣ ለካ እኔ ሳላውቅ ሽቦውን ትቶ ከታች ይቆፍር ጀምሯል። እሾሃማ ሽቦ ለሌባ ይሁን፣ ለውሻ ግን በፍጹም አታድርጉ። መውጣት የፈለገ ውሻ ሕመሙን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው።

እኚህ ሽማግሌ ሲመጡ ሜትር ከኪሳቸው አላወጡም። «በየት በየት ነው የሚወጣው?» አሉኝ። እኔም በእርግጠኝነት «በላይ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው በአጥሩ ዙሪያ መሄድ ጀመሩ። ከቆርቆሮው ሥር ጎንበስ አሉና በሁለት ጣታቸው አንድ ነገር ቆንጥረው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ቡናማ ጸጉር ነው፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ተሰክቶ የቀረ። ከዚያ ወደ ድንጋዩ አጥር ወሰዱኝ። ድንጋዩ ላይ የጥፍር ጭረት አለ፣ ትኩሱም የቆየውም፣ ሁሉም እንጨት ከከመርንበት ጥግ ብቻ። «ልጄ፣ ውሻሽ መንገዱን ጽፎልሻል እኮ» አሉኝ። በዚያ ደቂቃ ነው ሥራውን ለሳቸው የሰጠሁት።

በጥያቄ አደከሙኝ። መቼ መቼ ነው የሚወጣው? ማታ ነው ቀን? ብቻውን ሲሆን ነው ወይስ ሰው እያለ? ቁጭ ብዬ ሳስበው ሦስት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። አንደኛው፣ ሰፈር ውስጥ ወንድ የምትፈልግ ሴት ውሻ ስትኖር ነው። ይሄ በዓመት ሁለቴ ያህል ይመጣል፣ አንዴ ከመጣ ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ሁለተኛው እኔ ሥራ ውዬ ብቻውን ሲሰለቸው። ሦስተኛው ሲደነግጥ። አምና የቡሄ ሰሞን ልጆቹ ጅራፍ ሲያጮሁ ጠፍቶ በሁለተኛው ቀን ነው አንገረብ አካባቢ ያገኘነው፣ እግሩ ተልጦ።

ሽማግሌው ታዲያ እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ አጥሩን እሠራለሁ፣ ሴት ፍለጋውን ግን ሐኪም ነው የሚያቆመው።» እውነታቸውን ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ወስጄ አኮላሸሁት። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል፤ «ለጥበቃ አይሆንም» ይላል። ሸጋው ዛሬም በር ሲንኳኳ እንደ ድሮው ነው የሚጮኸው። መንከራተቱ ግን በጣም ቀንሷል።

አሁን ወደ ሥራው። ከታች ያደረጉት ነገር ነው በጣም የወደድኩት። እኔ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲሚንቶ የሚሞላ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጠንከር ያለ የሽቦ ወንፊት አምጥተው እንደ መጽሐፍ አጠፉት፤ 30 ሴንቲ ሜትሩን ከአጥሩ ጋር አሰሩ፣ 60 ሴንቲ ሜትሩን ወደ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ አስተኙት። ላዩን ትንሽ አፈር አለበሱት፣ ሣር በቀለበት፣ አሁን አይታይም። ውሻ ሲቆፍር አጥሩ ሥር ተጠግቶ ነው የሚጀምረው። ጥፍሩ ሽቦ ሲያገኝ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስና ከዚያ ልጀምር ብሎ አያስብም። ሸጋው ሰኔ ላይ ዝናቡ አፈሩን ሲያለሰልሰው አራት ቦታ ሞከረ። አራቱንም ትቶ ሄደ።

ከላይ ደግሞ እሾሃማ ሽቦውን ነቅለው ጣሉት። በእሱ ፈንታ ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ ጫኑበት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ውስጡ ቀጭን ቧንቧ ያለበት፣ በቀጭኑ መሐል ሽቦ አልፎ ሁለት ጫፍ ላይ ተወጥሮ የታሰረ። ውሻው ዘሎ በፊት እግሩ ሲይዘው ቧንቧው ይሽከረከራል፤ መቆንጠጫ ያጣና ወደ ውስጥ ይወርዳል። አይቆርጠውም፣ አያደማውም። መጀመሪያ ቀን ሸጋው ሦስቴ ዘለለ፣ ሦስቴም ወረደ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ረጅም ሰዓት ቧንቧውን አየው። እንጨቱንም ከጥግ አስነሱኝ። አጥር ሥር እንጨት፣ በርሜል፣ ሮቶ ካለ አጥሩ ሁለት ሜትር ቢሆንም ለውሻ ደረጃ አለው ማለት ነው።

በሩ ላይ ሁለተኛ በር ተጨመረ፤ ከዋናው በር ሜትር ተኩል ገባ ብሎ፣ እስከ ደረት የሚደርስ፣ በስፕሪንግ ራሱ የሚዘጋ። አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም ብለን ቤት ውስጥ ሕግ አወጣን። እናቴ መጀመሪያ ላይ ተቆጣች። ጀሪካን ይዛ ሁለት በር መክፈት ከበዳት፣ «እንደ ፋሲል ግቢ በር በበር አደረግሽው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ለትልቅ ሰው ያስቸግራል። መሸጎሪያውን ዝቅ አድርገው በክርን የሚገፋ አደረጉላትና ተስማማች።

ጉድለቱ ይሄውላችሁ። ሦስት ቀን ያሉት ሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። መብራት ሲጠፋ ብየዳ የለም፣ ያ ይገባኛል፣ ግን ስልክ ደውሎ «ዛሬ አንመጣም» ማለት ምን ይከብዳል? በሩ ተነቅሎ አንድ ሌሊት ሸጋውን ቤት ውስጥ አሳድሬያለሁ። የብየዳው ጫፍም በደንብ አልተሞረደም፣ የትንሹ በር ጠርዝ የወንድሜን እጅ ቆርጦታል። ቀለሙ አንድ እጅ ብቻ ነው የተቀባው፤ ክረምቱ ሲወጣ ብየዳው ላይ ዝገት ጀምሯል። ሁለት እጅ ጸረ ዝገት ይቀባ ብላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ጎርፍ አፈሩን አጥቦ የወንፊቱ ጫፍ ብቅ አለ፣ የውሻ ጥፍር ሊይዝ የሚችል ሆነ። ደወልኩላቸው፣ በማግስቱ መጥተው ፌሮ እንደ ጉትቻ አጥፈው መሬት ውስጥ ቸነከሩት። ለዚያ ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

ዋጋው? የእጅ ዋጋቸው ከዕቃው አንድ ሦስተኛ ያህል ነበር። ዕቃውን አብረን ሄደን ነው የገዛነው፣ ደረሰኙ እኔ ጋ ነው። ለመጀመሪያው ሰው ከከፈልኩት ያነሰ ነው፣ ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። አጥር እስኪሠራ ብላችሁ ውሻውን አጥር ሥር በሰንሰለት አትሰሩት። ሰንሰለቱ አጥሩን ለመዝለል የሚበቃ፣ ከዘለለ በኋላ ግን መሬት ለመድረስ የማይበቃ ከሆነ ውሻው በአንገቱ ይንጠለጠላል። በዚህ የሞቱ ውሾች አሉ። የግድ ከታሰረ ከአጥር በጣም ራቅ ይበል፣ ውሃና ጥላ ይኑረው፣ ሰው ይየው።

የዘንድሮ ቡሄ ነበር የፈራሁት። ነሐሴ 13 ከመድረሱ በፊት ጀምሮ ጅራፉ ሰፈሩን ያናውጠው ነበር። ሸጋው በመጀመሪያው ጩኸት ወደ ጥጉ ሮጠ፣ ዘለለ፣ ቧንቧው ዞረ፣ ወደቀ። ተነስቶ አጥሩ ሥር ሁለቴ ጫር ጫር አደረገ። ከዚያ ዞሮ ወደ እኔ መጣና ጭንቅላቱን ቀሚሴ ውስጥ ቀበረው፤ ሰውነቱ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጥር ውሻን ያስቀራል፣ ፍርሃቱን ግን አያስቀርም። ቤት አስገባሁት፣ መስኮት ዘጋሁ፣ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ አልጋዬ ሥር ገብቶ አደረ። ጠዋትና ማታም ግማሽ ሰዓት ግማሽ ሰዓት በማሰሪያ አወጣዋለሁ፣ ሳይሰለቸው ሲውል አጥሩን ዞር ብሎም አያይም።

ብየዳ ቤቱ ታፔላ የለውም። ከቅዳሜ ገበያ ትንሽ ወረድ ስትሉ ደጁ ላይ የከሰል ምድጃ የተደረደረበት ነው። ከሰዓት ሰው ቤት ሥራ ላይ ስለሚውሉ ጠዋት ሂዱ፤ ውሻችሁ በየት በየት እንደሚወጣም አይታችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።