በካሊፎርኒያ ለፓሮል ችሎት የሚመደበው ነፃ ጠበቃ፦ የሚችለውና የማይችለው

በካሊፎርኒያ «ከ15 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ» ወይም «ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ» የተፈረደበት ሰው የፓሮል (በቁጥጥር ሥር ሆኖ ከእስር የመለቀቅ) ችሎቱ ሲደርስ፣ ጠበቃ የሚቀጥርበት ገንዘብ ከሌለው ግዛቱ በነፃ ይመድብለታል። እዚህ የምንገመግመው ይህንን አገልግሎት ነው። ብያኔያችንን ከወዲሁ እንንገራችሁ፦ አገልግሎቱ ጥሩ ነው፣ ብዙ ቤተሰብ «የመንግሥት ጠበቃ ምን ሊረባ» ብሎ ከሚገምተውም በላይ ይጠቅማል። ነገር ግን ታራሚው በዓመታት ውስጥ ያልሠራውን ሥራ ጠበቃው በጥቂት ቀጠሮ ሊሞላው አይችልም።

ምክንያቱ የችሎቱ ባሕርይ ነው። እንደ ፍርድ ቤት ጠበቃ ተነሥቶ የሚሟገትበት ቦታ አይደለም። ፓሮልን ከሚወስነው የግዛቱ ቦርድ አንድ ኮሚሽነርና አንድ ምክትል ኮሚሽነር ታራሚውን ራሱን ለሰዓታት ይጠይቃሉ፤ አስተዳደጉን፣ ወንጀሉን፣ የእስር ቤት ቆይታውን፣ ሲወጣ የት እንደሚገባ። ዐቃቤ ሕጉ እንኳ ጥያቄውን የሚያቀርበው በእነሱ በኩል ነው። ጠበቃው በዋናነት የሚናገረው መጨረሻ ላይ፣ ለጥቂት ደቂቃ ነው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 እንደወሰነው መለኪያው «ይህ ሰው ዛሬ ለሕዝብ አደገኛ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ስለዚህ ቦርዱ የሚፈልገው ታራሚው ለምን እንዳደረገው ከሥሩ ገብቶት እንደሆነ ነው። ያንን ደግሞ ማንም ሊናገርለት አይችልም።

የተመደበው ጠበቃ የሚከፈለው በጉዳይ እንጂ በሰዓት አይደለም፤ ጊዜው የተቆጠረ ነው። ጥራቱን ለመለየት የመጀመሪያው ቀጠሮ ይበቃል። ጎበዙ ፋይሉን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው የጻፈውን የአደጋ ግምገማ (ታራሚው ቢወጣ ጥቃት የማድረስ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ የሚገምት ሪፖርት) እና ያለፈ ችሎት ካለ ቃለ ጉባኤውን አንብቦ ይመጣል። «ባለፈው ጊዜ ኮሚሽነሩ ምን እንድታሻሽል ነገረህ? ከዚያ ወዲህ ምን አደረግህ?» ብሎ ይጀምራል። ደካማው «የገባህበት በምንድን ነው?» ብሎ ይጀምራል። እንዲህ ከሆነ ዝም ማለት አያዋጣም፤ ሁለተኛ ቀጠሮ በጽሑፍ ይጠየቅ፣ የደብዳቤው ግልባጭም በቀኑ ይቀመጥ።

በዚያ ቀጠሮ መሠራት ያለበት ልምምድ ነው። ታራሚው ወንጀሉን በአምስት ደቂቃ፣ ሰበብ ሳይጨምር ይናገር። ከዚያ ጠበቃው «ለምን?» ይበለው፤ መልሱን ተቀብሎ እንደገና «ለምን?» ይበለው። «ጠጥቼ ነበር» የሚለው የመጀመሪያው መልስ እንጂ የመጨረሻው አይደለም፤ ለምን ይጠጣ ነበር፣ በዚያ ምሽት መሄድ ሲችል ለምን ቆየ፣ መሣሪያውን ለምን ያዘ? በእስር ቤት የተጻፈበትን የዲሲፕሊን ክስ ሁሉ (እዚያ በቁጥሩ «115» ይሉታል) በተመሳሳይ መንገድ ያዘጋጅ። በተለይ በቅርብ ዓመታት የተያዘ ሞባይል ካለ ለቤተሰብ መደወያ ነበር ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቦርዱ ሕግ መጣስ ገና እንደ ቀላል ነገር እየታየው ነው ብሎ ያነብበዋል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት በአደጋ ግምገማው ነው። የቦርዱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ታራሚውን የሚያነጋግረው ከችሎቱ አስቀድሞ ነው፣ ጠበቃውም አብሮ አይቀመጥም። ውጤቱ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ከጠበቃው ጋር መዘጋጀት ያለበት ከዚህ ቃለ መጠይቅ በፊት ነው፤ ለባለሙያው የተናገረውና ለኮሚሽነሩ የሚናገረው ከተለያየ ጥያቄው ሁሉ ወደዚያ ልዩነት ይዞራል። በሪፖርቱ ውስጥ የተሳሳተ ዓመት፣ ያልነበረ ክስ ወይም ያልተባለ ቃል ካለ ታራሚው መስመር በመስመር ምልክት ያድርግበት፤ ጠበቃው ከችሎቱ በፊት በጽሑፍ ያቅርበው።

ሕጉን ማወቅ ላይ አገልግሎቱ ነጥቡን ያገኛል። ወንጀሉን ሲፈጽም ዕድሜው ከ26 በታች የነበረ ሰው የወጣትነት ሁኔታው ከፍ ያለ ክብደት እንዲሰጠው ሕግ አለ። ዕድሜው 50 የሞላና 20 ዓመት ሳያቋርጥ የታሰረም እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በአረጋውያን ፓሮል ሊታይ ይችላል። ሁለቱም ሁሉንም አያካትቱም፣ ጠበቃው ያጣራ። ሌላው «ዌቨር» እና «ስቲፑሌሽን» የሚባሉትን መለየት ነው። በዌቨር ታራሚው ያለ ውሳኔ ችሎቱን ከ1 እስከ 5 ዓመት ያዘገያል፤ ጥያቄው ችሎቱ ቢያንስ 45 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። ስቲፑሌሽን ግን «ለመውጣት ብቁ አይደለሁም» ብሎ መፈረም ነው፣ እንደ መከልከል ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በጸደቀው የማርሲ ሕግ መሠረት መከልከል 3፣ 5፣ 7፣ 10 ወይም 15 ዓመት ነው። ልዩነቱን ሳያስረዳ የሚያስፈርም ጠበቃ ካለ ብዕሩን ማስቀመጥ ይገባል።

አገልግሎቱ የሚያጥረው የድጋፍ ደብዳቤና የመውጫ ዕቅድ ላይ ነው። የእኛ ሰው ቤተሰቡ ራሱ መሥራት ያለበትም እሱን ነው። ደብዳቤው ቀን፣ ፊርማ፣ አድራሻና ስልክ ይኑረው፤ «እንወደዋለን» ከሚል ይልቅ «መኝታ ቤት አለኝ፣ አድራሻው ይህ ነው፣ ወደ ፓሮል ቢሮ በመኪናዬ አደርሰዋለሁ፣ ለስድስት ወር የምግቡን እችላለሁ» ይበል። ከኢትዮጵያ የሚላክ ደብዳቤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጀ ይመስላል። በፈረንጅ አቆጣጠርም ይጻፍበት። የወንድሙ ልጅና አጎቱ የመጨረሻ ስማቸው ስለማይገጥም «በእኛ ባህል የአባት ስም ነው የሚከተለው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር አላስፈላጊ ጥያቄ ያስቀራል።

ቋንቋው ላይ እንቆይ፣ ጉዳት የሚመጣው በእሱ ነውና። እኛ ለሐዘን የምንመርጣቸው አነጋገሮች አሉ፦ «የሰው ሕይወት በእጁ ጠፋ»፣ «ሰይጣን አሳሳተው»፣ «ክፉ ቀን ገጠመው»። በአማርኛ ትሕትና ናቸው፤ ተተርጉመው ኮሚሽነሩ ዘንድ ሲደርሱ ግን ሰውየው ያላደረገው፣ ነገር ብቻውን የሆነ ይመስላሉ። እናት «ልጄን ሰይጣን አሳስቶት ነው» ብላ ስትጽፍ የልጇን የዓመታት ሥራ ሳታውቅ ታፈርሳለች። «ልጄ የሰው ሕይወት አጥፍቷል፤ ይህንን ለእኔም ነግሮኛል፣ ምክንያቱንም አስረድቶኛል» ብትል ይሻላል። ታራሚውም አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው፤ እንግሊዝኛው ለእለት ኑሮ ቢበቃም ለዚህ ጉዳይ ካልበቃ ቀደም ብሎ ይጠይቅ። ጠበቃውም በልምምዱ ላይ አስተርጓሚ ያምጣ።

አደራ የምንለው ነገር ቢኖር ሽማግሌ አለመላክ ነው። የሟች ቤተሰብ ከእኛው ማኅበረሰብ ሲሆን በአገራችን ወግ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ መጠየቅ ደግ ሥራ ነው። እዚህ ግን የተጎጂን ቤተሰብ ማስጨነቅ ሆኖ ሊቆጠር፣ በፋይሉም ሊጻፍ ይችላል። የይቅርታ ደብዳቤ ካለ የማረሚያ መሥሪያ ቤቱ የተጎጂዎች ጉዳይ ክፍል ይቀበለዋል፤ ቤተሰቡ ከፈለገ ብቻ ያገኘዋል።

የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ታራሚ ሁለት ዕቅድ ያስፈልገዋል። የኢሚግሬሽን ማሰሪያ (ሲለቀቅ ለኢሚግሬሽን እንዲሰጥ የቀረበ ጥያቄ) ካለበት ከእስር ቤቱ በር የሚረከበው ኢሚግሬሽን ሊሆን ይችላል። ቦርዱም «ወደ ኢትዮጵያ ብትላክ የት ትገባለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚቀበለው ዘመድ ስም፣ ወረዳና የቤት ቁጥር፣ የሚሠራው ሥራ፣ መጠጥ ትቶ ከሆነ እዚያ ማን እንደሚደግፈው ይጻፍ። የፓሮል ጠበቃ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አይደለም፤ በዚህ ምክር ለብቻው መጠየቅ ግድ ነው።

ገንዘብ ያለው ቤተሰብ የግል ጠበቃ ይቅጠር ወይ? በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። የሚገዛው ዋና ነገር ሰዓት ነው፦ ብዙ ቀጠሮ፣ ብዙ ልምምድ። ችሎቱ ሁለት ወር ሲቀረው ከመቅጠር፣ ግምገማው ሳይደረግ ለጥቂት ሰዓት ምክር መክፈል የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።

ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዕለት ይነገራል። ከተከለከለ ቃለ ጉባኤው በ30 ቀን ውስጥ ይደርሳል፤ ኮሚሽነሮቹ የዘረዘሩት ጉድለት እዚያ አለ። ያ ከተሟላ ቀጣዩ ችሎት ቀደም እንዲል በፎርም 1045(A) ማመልከት ይቻላል። ከተፈቀደም ቦርዱ እስከ 120 ቀን ያጣራዋል፤ በነፍስ ግድያ ጉዳይ ገዥው ተጨማሪ 30 ቀን አለው፣ ሊሽረውም ይችላል። በእነዚህ ወራት ቤተሰቡ የሚያርፍበትን ቤት ደብዳቤ በየጊዜው ያሳድስ፣ የተጻፈው ስልክም እንደሚሠራ ያረጋግጥ፤ የፓሮል መኮንኑ ይደውላል።