ለጅማዋ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ምስጋና፣ እንቅልፍ ላጣችሁም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ጅማና አካባቢዋ ላላችሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው ቤተሰብ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ በአእምሮ ሕክምና ክፍል የምትሠራ አንዲት ነርስ እናታችንን መልሳልናለች። ሳላስፈቅዳት ስሟን አላነሳም። የእናቴን ታሪክ ግን ራሷ «ጻፊው፣ ሌላውም ይዳን» ብላኛለች።

አባታችን ካረፈ በኋላ እናቴ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትነቃና በዚያው ይነጋል። ቀን ትፈዛለች፣ ምግብ ትገፋለች፣ የምትወደውን ጓሮዋን እንኳ ዞር ብላ አታይም። ጎረቤቱ ሁሉ «ሐዘን ነው፣ ጊዜ ያሽረዋል» ይል ነበር።

ሲስተር ከሐዘኑ በፊት ስለ ሌሊቱ ጠየቀቻት። መቼ ትተኛለች፣ መቼ ትነቃለች፣ ታንኮራፋለች ወይ፣ ከዚህ በፊት ሳትተኛ አድራ ጉልበት የሚሞላት ጊዜ ነበር ወይ? መኖር የሚያስጠላት ሐሳብ ይመጣባት እንደሆነም በግልጽ ጠየቀቻት፤ እኛ ልጆቿ አፍ አውጥተን የማንጠይቀውን። እናቴ ሲከፋት ወደ ኦሮምኛ ነው የምትሄደው። ሲስተርም አብራት ሄደች፣ ያን ጊዜ እናቴ ማውራት ጀመረች።

ለእኛም ቁጭ ብላ አስረዳችን። ድብርት እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣትም በተራው ድብርትን ያመጣል፣ ያለውንም ያከፋል። እንቅልፉ ለረጅም ጊዜ የተበላሸበት ሰው ደህና ከሚተኛው ይልቅ በኋላ በድብርት የመያዝ ዕድሉ በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ድብርቱ እስኪለቅ እንቅልፉን ዝም ብሎ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም አብረው ይታከማሉ። ለድብርቱ መድኃኒት ተጀመረላት። ሥራውን እስኪጀምር ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችል ቀድማ ስለነገረችን «አልሠራም» ብለን አላቋረጥነውም። ጸበሏንም አልከለከለቻትም፤ «ይጠመቁ፣ ክኒኑን ግን አይተዉ» አለቻት።

ለእንቅልፉ የሰጠቻት ግን ክኒን አልነበረም። እናቴ በጊዜ ልተኛ ብላ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ አልጋ ላይ ትሆን ነበር። ሲስተር ያንን ወደ 5 ሰዓት ገፋችው፤ መነሻው ደግሞ እንቅልፍ መጣም አልመጣም ሁልጊዜ ጠዋት 12 ሰዓት። ሃያ ደቂቃ ያህል ተኝታ እንቅልፍ ካልመጣ ትነሳለች፣ ሲያዳፋት ትመለሳለች። የእህቴ ልጅ በየጠዋቱ በደብተር ይመዘግብላት ነበር። መጀመሪያ ላይ ከበፊቱ ይበልጥ ደከማት፤ እንደሚደክማትም ተነግሮን ነበር። ዘዴው በዓለም ላይ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት የሚመከር ሕክምና ነው፣ አገራችንም በደንብ ሊታወቅ ይገባዋል።

ከባዱ የቡናው ጉዳይ ነበር። ጅማ ውስጥ፣ ያውም ሐዘን ቤት፣ ምሽት ላይ የመጣን ጎረቤት ያለ ቡና ማን ይሸኛል? ሲስተር ቡና ተዉ አላለችም። የቡና ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ነገረቻት፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት የተጠጣው ቡና እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ ገና እየሠራ ነው ማለት ነው። ካፌይን ቀኑን ሙሉ አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ «ተኛ» የሚለንን አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጋርደዋል። የቡና ቅጠልም ገለባም ካፌይን ስላላቸው እነሱን በምትኩ ማፍላት አያዋጣም። ስለዚህ የቡናችን ሰዓት ወደ ጠዋት ሄደ፣ ማታ የጦስኝ ሻይ ይፈላል። ጎረቤቶቻችን ምክንያቱን ሲሰሙ አልተቀየሙም። እንዲያውም አንዷ እሷም እንቅልፍ እንደሌላት ነግራን አብራን ሄደች።

እናቴ ዛሬ ትተኛለች። ጎመኗንም መልሳ ተክላለች። አባቴን አሁንም ታለቅሳለች፣ ያ የማይቀር ነው።

በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ነገር ወራት ካስቆጠረ፣ በተለይ ተስፋ መቁረጥ ከተጨመረበት፣ ካርድ አውጡና ክፍሉን ጠይቁ። መኖር አስጠላኝ የሚል ሰው ካለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ይዛችሁት ሂዱ። ከተቻለ አብሮት የሚያድር ሰው አብሮ ይሂድ፤ ሌሊቱን የሚያውቀው እሱ ነውና።

ሲስተር፣ ይህን ካየሽው፣ እናቴ «ልጅሽ ይደግልሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ» ብላሻለች። መጠየቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።