ኢንስፓየር፦ የቲዎሪ ኮስሞሎጂስትን ሳይቴሽን ለመቁጠር የሚሻለው መሣሪያ፣ ከነጉድለቱ

የአንድን የቲዎሪ ኮስሞሎጂስት (የጽንፈ ዓለምን አመጣጥና አወቃቀር በስሌት የሚያጠና ሰው) ሥራ በሳይቴሽን፣ ማለትም ጽሑፎቹ በሌሎች ጽሑፎች በተጠቀሱበት ቁጥር፣ ማየት የፈለገ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚከፍተው ጉግል ስኮላርን ነው። የሚያሳስተውም እሱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍም ይሁን የስብሰባ ማስታወሻ፣ ያገኘውን ሁሉ እንደ ጠቃሽ ስለሚይዝ ድምሩ ያብጣል፤ ራስን መጥቀስን የሚቀንስ ቁልፍም የለውም። ለዚህ ሥራ የሚመከረው ኢንስፓየር የተባለው የፊዚክስ ጽሑፎች የመረጃ ቋት ነው። ነጻ ነው፤ ለመፈለግ መመዝገብ አያስፈልግም። ሰርን፣ ዴዚ፣ ፌርሚላብና ስላክን የመሳሰሉ የምርምር ተቋማት በጋራ ያስተዳድሩታል፤ ሥሩም በ1974 ስላክ ውስጥ የተጀመረው ስፓየርስ የተባለ የመረጃ ቋት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ስም ጽፎ የወጣውን ዝርዝር መደመር የመጀመሪያው ስህተት ነው። የቤተሰብ ስምና የመጀመሪያ ፊደል የሚጋሩ ሰዎች ይቀላቀላሉ፤ እንደ ዋንግና ሊ ባሉ ስሞች ላይማ ውጤቱ ጨርሶ አይታመንም። የተመራማሪውን የግል ገጽ ከፍቶ የሳይቴሽን ማጠቃለያውን ማየት ይገባል። እዚያ ሁለት ዓምዶች አሉ፦ አንዱ በአስተማማኝ ሁኔታ ሊጠቀሱ የሚችሉትን ጽሑፎች ሁሉ፣ ሌላው በባለሙያ ተገምግመው በመጽሔት የታተሙትን ብቻ ይይዛል። ጽሑፎች ሳይገመገሙ በሚለጠፉበት አርካይቭ የተባለ ድረ ገጽ ላይ ብቻ የቀረ ጽሑፍ በሁለተኛው ውስጥ አይገባም። ከድምሩና ከአማካዩ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ጽሑፎቹን ከ0 እስከ ከ500 በላይ በእርከን የሚያሳየው ሥዕላዊ ሠንጠረዥ ነው፤ የሥራው ክብደት በአንድ ጽሑፍ ላይ ያረፈ ይሁን በብዙ በአንድ እይታ ይለያል።

ቀጥሎ ሁለት ማጣሪያዎች መነካት አለባቸው። አንደኛው ራስን መጥቀስን የሚያወጣው ነው። ጠቃሹና ተጠቃሹ የጋራ ደራሲ ካላቸው ሳይቴሽኑ ይወድቃል፤ ስለዚህ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ለብቻው የጠቀሰውም ይቀነሳል። ጠበቅ ያለ ነው፤ ለንጽጽር ግን ጥሩ ነው። ሁለተኛው የደራሲ ብዛትን ከ10 ያልበለጠ የሚያደርገው ነው፤ ለኮስሞሎጂ ይህን መዝለል ይቅር የማይባል ነው። ስለ ኮስሞሎጂ መለኪያዎች የሚናገረው የፕላንክ ሳተላይት ቡድን የ2018 ጽሑፍ ከ10 ሺህ በላይ ሳይቴሽን አለው፤ ፈራሚዎቹ ደግሞ ከ150 በላይ ናቸው። እያንዳንዱ ፈራሚ ሙሉውን ቁጥር ወደ ገጹ ይወስዳል። ማጣሪያው ሲጫን የአንዳንዱ ግዙፍ ገጽ ወዲያው ይሟሽሻል።

ኤች-ኢንዴክስን በሚመለከት፣ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረበው ይህ መለኪያ 20 ማለት ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉ ማለት ነው። ጥቂት ጽፎ ብዙ የለወጠን ሰው አያይም። ግሪጎሪ ሆርንደስኪ በ1974 ያሳተመው የስኬላር-ቴንሰር (የአይንስታይንን የስበት ቲዎሪ የሚያሰፉ ቲዎሪዎች) ጽሑፍ ከ35 ዓመት በላይ የሚያስታውሰው አልነበረም። በ2011 ገደማ በጥቁር ኃይልና በተሻሻለ ግራቪቲ ላይ የሚሠሩ ሰዎች እንደገና ሲያገኙት ግን ሳይቴሽኑ ወደ ሺዎች ዘለለ፤ እሱ ያን ጊዜ ፊዚክስን ትቶ ሰዓሊ ሆኖ ነበር። በ1980 ቢመዘን ኖሮ ማንም ዞር ብሎ ባላየው።

ተቃራኒውም አለ። በመጋቢት 2014 የባይሴፕ2 ቴሌስኮፕ ቡድን ከኢንፍሌሽን ዘመን (ጽንፈ ዓለም ገና ሲጀምር በቅጽበት ሰፋ ከሚባልበት ጊዜ) የመጣ የስበት ሞገድ አሻራ አገኘሁ ሲል ቲዎሪስቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ ደራረቡ፤ በ2015 ከፕላንክ ጋር የተደረገው የጋራ ትንተና ምልክቱ በጋላክሲያችን አቧራ ሊብራራ እንደሚችል አሳየ። ሳይቴሽኑ ግን አልተሰረዘም። ኢንስፓየር ማን ጠቀሰ ይላል እንጂ ለምን እንደተጠቀሰ አይልም። በ2000 የታተመውን ካምብ የተባለ የኮስሞሎጂ ስሌት የሚሠራ የኮምፒውተር ኮድ ጽሑፍም ተመልከቱ፤ በሺዎች የሚጠቀሰው በአብዛኛው ሐሳቡን የሚከራከርበት ሳይሆን ስሌት የሚያሠራበት ሰው ስለሚበዛ ነው። ይህ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የተጽዕኖው ዓይነት ግን ሌላ ነው።

ዋናው ጉድለት ሽፋኑ ነው። ትኩረቱ የቅንጣት ፊዚክስ ስለሆነ የቴሌስኮፕ ምልከታ ጽሑፎች በከፊል ይጎድሉታል። በጋላክሲዎች ክምችት ወይም በስበታዊ ሌንስ ላይ የሚሠራ ቲዎሪስት እዚህ አንሶ ይታያል፤ ለእሱ ኤዲኤስ የተባለው የናሳ የአስትሮኖሚ ጽሑፎች የመረጃ ቋት ይሻላል። ኤዲኤስ ሳይቴሽንን ለደራሲዎች ብዛት አካፍሎ ያሳያል፤ ቶሪ የተባለው መለኪያው ደግሞ ራስን መጥቀስን አውጥቶ፣ የጠቃሹን ማጣቀሻዎች ርዝመት ጭምር ያስባል። የሁለቱ ቁጥር በሰፊው ከተለያየ ልዩነቱ ራሱ ሰውየው በየትኛው ማኅበረሰብ እንደሚነበብ ይጠቁማል።

ማጣቀሻዎች በአብዛኛው በማሽን ስለሚነበቡ የመጽሔት ቅጽ ወይም ገጽ ቁጥር የተሳሳተበት ሳይቴሽን ጠፍቶ ይቀራል። ከጽሑፉ ገጽ ላይ የእርማት ቅጽ መላክ ይቻላል፤ ተመራማሪው ራሱ ከሆነ ግን ኦርኪድ በተባለው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥሩ ገብቶ የሌላ ሰው ሥራ ከገጹ ማውጣት፣ የጎደለውንም መጨመር ይችላል። ይህን ያላደረገ ገጽ ለቅጥር ኮሚቴ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ የጽሑፎቹን ዝርዝር ከሥራ ማመልከቻው ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ያስፈልጋል።