በጨረታ የገዛሁት ኦሜጋ ኮንስቴሌሽን፦ ከ11 ወር በኋላ

ሰዓቱን የገዛሁት እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ከአንድ አነስተኛ አጫራች ድርጅት ነው። የ1960ዎቹ ኦሜጋ ኮንስቴሌሽን፣ የብረት ቀፎ፣ የሞዴል ቁጥሩ 168.005። መዶሻው የወረደው 780 ዩሮ ላይ ነበር። የአጫራቹ 25 በመቶ ኮሚሽን ሲደመርበት 975 ገባ። ለእማዬ በስልክ ስነግራት "አሮጌ ነው ያልከኝ?" አለች። አዎ አልኳት። "ታዲያ እነሱ አይደሉ እንዴ የሚከፍሉህ?"

ካታሎጉ ላይ "ኦሪጅናል" ይል ነበር። ያኔ ቃሉን የተረዳሁት ፎርጅድ አይደለም ማለት ነው ብዬ ነው። ልክ ነኝ፣ ፎርጅድ አይደለም። ግን ሁሉም ነገሩ የራሱ ነው ወይ? ይሄ ሌላ ጥያቄ ነው፤ እኔም የተማርኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ክዳኑን ወዲያው ይከፍቱታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ማጉያውን አቀበሉኝና "መጀመሪያ ፊቱን እይ" አሉኝ።

የዚህ ሞዴል ፊት ጠፍጣፋ አይደለም። መሀሉ ከፍ ይልና ወደ ዳር በ12 ጎን ተከርክሞ ይወርዳል። የተገለበጠ የኬክ መጋገሪያ ይመስላል፤ ሰብሳቢዎችም "ፓይ ፓን" ይሉታል። እንደገና የተቀባ ከሆነ የሚያሳብቀው እዚህ ጋ ነው። አዲሱ ቀለም ጠርዞቹ ላይ ይተኛና ስለታቸውን ያደነዝዘዋል። ጽሑፉም ይወፍራል፤ አንዳንዴም ይንጋደዳል። የእኔ ጠርዞች ጥርት ያሉ ናቸው። ከታች በኩል ያለችው "ስዊስ ሜድ" የምትለው ጽሑፍ ለዓይን ባትሞላም ቦታዋን አልለቀቀችም። ከ6 በላይ ካለችው ኮከብ ጎን ግን አንዲት ቡናማ ነጠብጣብ አለች። እኔ እሷን ሳይ ደበረኝ። ሽማግሌው ፈገግ አሉ። "ይህቺን ቀብቶ የሚሸጥልህ የለም" አሉኝ።

ከዚያ ጀርባውን ከፈቱት። ክዳኑ ላይ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ሕንፃና ስምንት ከዋክብት አሉ፤ በመወልወል ብዛት ከዋክብቱ ደብዝዘዋል። በውስጥ በኩል 168.005 የሚለው ቁጥር አለ። ማሽኑ እንደ መዳብ ቀላ ያለ ነው። 561 የሚለው የማሽኑ ቁጥርም፣ 24 ዕንቁ (ጥርሶቹ እንዳይፋጩ የሚሽከረከሩባቸው ጥቃቅን ድንጋዮች) የሚለውም ተቀርጾበታል። መለያ ቁጥሩ በ22 ሚሊዮን ይጀምራል፤ ይህ ወደ 1960ዎቹ አጋማሽ ይወስደናል። ክዳኑና ማሽኑ ተስማሙ። እኔም ተነፈስኩ።

ሽማግሌው ግን ወደ ፊቱ ተመለሱ። "የሰዓት ምልክቶቹ መሀል ምን አለ?" ጥቁር መስመር አለ፣ ኦኒክስ የሚባለው ጥቁር ድንጋይ። "ቆጣሪዎቹ ላይስ?" አየሁ። ምንም የለም። ባዶ ብረት ናቸው። ምልክቶቹ ጥቁር መስመር ካላቸው ቆጣሪዎቹም ሊኖራቸው ይገባ ነበር። ሦስት ቀን በእጄ አስሬ ስንት ጊዜ ሰዓት አይቼባቸዋለሁ! መሙያውም ተቀይሯል፤ ባለ አሥር ጎኑ ወጥቶ ተራ ክብ ገብቶበታል። በመስተዋቱ መሀል በማጉያ ብቻ የምትታይ የኦሜጋ ምልክት መኖር ነበረባት፤ የለችም።

ለአጫራቹ ጻፍኩ። በትህትና መለሱልኝ። በውሉ መሠረት መግለጫው "አስተያየት" እንጂ ዋስትና አይደለም። ውሉን መልሼ ሳነበው እውነትም ተጽፏል። ያልተጻፈ ነገር አላሉኝም፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ትንሽ ያጽናናኝ የትልልቆቹ ታሪክ ነው። በ2021 ጄኔቫ ላይ አንድ የ1957 ኦሜጋ ስፒድማስተር ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ገዢው የኦሜጋ የራሱ ሙዚየም ነበር። በ2023 ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች ዕቃ የተገጣጠመ መሆኑን ኩባንያው ራሱ ይፋ አደረገ። ሠሪው ከተሸወደ እኔ ማን ነኝ?

ቀሪው ወራት ዕቃ ፍለጋ ሆነ። ኦኒክስ ያላቸው ቆጣሪዎች በአምስተኛው ወር 130 ዩሮ ተገኙ። መሙያው 60፣ ሰርቪሱ 280። መስተዋቱን አልነካሁትም። ፕላስቲክ ነው፣ ድሮም የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ በሱ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ገንዘብ የተረፈው ነው። ሲጫጫር በጨርቅ ኮልጌት አድርጌ አሸዋለሁ፣ ይጠራል። ፊቱን "አስቀባው፣ አዲስ ይሆንልሃል" ያለኝ ጓደኛ አለ። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ የራሱን እንዲህ አስቀብቶ ነበር። በእርግጥም አበራ። የኦሜጋ "ኦ" ግን ዕንቁላል መሰለች።

አጠቃቀሙስ? ከሰርቪስ በኋላ በቀን 6 ሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ለስድሳ ዓመት ሽማግሌ አልከፋም። ዓርብ ማታ አውልቄው እሑድ ጠዋት ሲሠራ አገኘዋለሁ። ስፋቱ 35 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ግዙፍ ሰዓት የለመዱ ጓደኞቼ የሴት ነው ይሉኛል። ውኃ አላስነካውም፤ ውዱእም ሆነ ዕቃ ማጠብ ከሆነ ይወልቃል። የሚያናድደኝ ቀኑ ነው። በፍጥነት መቀየሪያ የለውም። ቆጣሪውን ከሌሊቱ 6 አሳልፎ፣ ወደ ምሽቱ 3 ገደማ መልሶ፣ እንደገና ማሳለፍ ነው። ወር ሁሉ 30 ቀን ነው ተብሎ ላደገ ሰው ይሄ ቅጣት ነው። ኦሪጅናሉ መሙያ ደግሞ ጣት ላይ ያንሸራትታል። የወጣው ተራው ይሻል ነበር።

የወጡትን ቆጣሪዎችና መሙያ በትንሽ ፌስታል አስሬ መሳቢያ ውስጥ አኑሬያለሁ። ምን መቼ እንደተቀየረ የሚገልጽ ወረቀትም አለበት። አንድ ቀን ብሸጠው ከሰዓቱ ጋር ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት ያው አጫራች ኢሜይል ላከልኝ። ሌላ ኮንስቴሌሽን፣ ጥቁር ፊት፣ "ኦሪጅናል"። በዚህ ሞዴል ጥቁር ፊት ብርቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምታየው ጥቁር በኋላ የተቀባ ነው። ፎቶውን አጉልቼ ዳር ዳሩን አየሁት። አሥራ ሁለቱ ጠርዞች እንደ ሳሙና ሟሙተዋል። የመነሻ ዋጋው 900 ዩሮ ነበር። ስልኩን አስቀምጬ ሰዓቴን ሞላሁ።