አሮጌ ፔኒ ያላችሁ የዴንቨርና የኦሮራ ልጆች፣ እኚህን ሰው ሳትጠይቁ እንዳትሸጡ

አሮጌ ሳንቲም አይተው ዋጋውን ለሚገምቱ አንድ አባት ምስጋና አለብኝ። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

እቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አሜሪካዊት አሮጊት ሲያርፉ ልጃቸው የቡና ጣሳ ሙሉ ፔኒ ሰጠችኝ። ከሥራ ስገባ እየዘረገፍኩ አየዋለሁ። አንዷ ላይ 1914፣ ከሥሩ «ዲ»፤ ዴንቨር ባለው የሳንቲም ፋብሪካ መመታቷን የሚያሳይ ምልክት። ዋጋዋን ፈልጌ ሳይ እንቅልፍ አጣሁ። በዚያ ዓመት ዴንቨር የመታው 1.2 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ ለፔኒ እኮ ጥቂት ነው! አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ «ጣሳውን እንዳለ በ50 ዶላር ልውሰድልሽ» እያለ ይነዘንዘኛል።

ጋሼ ዘንድ የወሰደችኝ ጓደኛዬ ናት። ፔኒዋን በጠርዟ ይዘው ማጉያውን ዓይናቸው ላይ ተከሉ። ብዙም አልቆዩ።

«ነይ እዪ፣ ትከሻው ሥር ምን አለ?»

ከሊንከን ትከሻ በታች የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ጽሑፍ፦ ቪ ዲ ቢ። የቀራጩ የቪክቶር ዴቪድ ብሬነር ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። በ1909 ከጀርባ በኩል ነበሩ፤ ሰው ሲያጉረመርም ወዲያው ተነሱ። ትከሻው ላይ የተመለሱት በ1918 ነው።

«ታዲያ የ1914 ፔኒ ከየት አመጣቸው? የ1944 ናት ልጄ፤ የፊተኛዋን 4 ፍቀው 1 አድርገዋታል።»

እውነትም በ9 እና በ1 መሃል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው። አፈርኩም ሳቅኩም።

የቀረውን ግን አልተዉትም፤ ሁለት ቅዳሜ አንድ በአንድ አዩልኝ። ምልክት የሌላት የ1922 ፔኒ ነበረች። ፊላደልፊያ ያኔ ምልክት ስለማያደርግ የዚያ መስላኝ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ፔኒ የመታው ዴንቨር ብቻ ነው፤ «ዲ»ዋ የጠፋችው ሳንቲሙ ላይ ቅርጹን የሚያትመው ብረት ተበልቶና ተደፍኖ ነው። መብራት ሥር ዘንበል ሲያደርጓት የ«ዲ» ጥላ ብቅ አለ። «ጭራሽ ባትታይ ኖሮ ዋጋዋ ሌላ ነበር» ብለው የሚገባትን ዋጋ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ከጣሳው ዋጋ ትበልጣለች። ራሳቸው ግን አይገዙም፤ «የሚገምት ሰው መግዛት የለበትም» ባይ ናቸው። ብር ብሰጣቸው እምቢ ስላሉ አንድ ኪሎ ቡና ትቼ ወጣሁ።

ጉድለታቸው ወሬ ነው፣ ቸኩላችሁ አትሂዱ! የእኛን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1936 የሚለውን ሳንቲም ካነሳችሁማ አለቀ፤ ዓመቱ ሳይቀየር ፊላደልፊያም በርሚንግሃምም ለንደንም ለብዙ ዓመታት እንደተመታ ሲያወሩ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ሳንቲሙን ግን አትጠቡት። እኔ አሥሩን በሎሚና በጨው ፈትጌ ወስጄ፣ እንደ ጽጌረዳ ቀልተው ሲያዩዋቸው ራሳቸውን ይዘው ዝም አሉ።